የፊልም ስካነር ጥገናና የተራዘመ ዋስትና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋስትና ሲገዙ የማይሸፍነውን አለማንበብ። የካሜራ ፊልምን ወደ ዲጂታል ምስል ለሚቀይረው ስካነር፣ ከአምራቹ ነጻ ዋስትና በላይ በክፍያ የሚገዛው የተራዘመ ዋስትና በአብዛኛው የሚያስበው ስለሚቃጠል ሞተርና ስለሚበላሽ ሰርኪዩት ነው። አቧራ፣ በጉዞ የደረሰ ጉዳትና የፊልም መያዣ መሰበር ብዙውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ይቀራሉ፤ ባለቤቱን የሚያማርሩት ግን እነዚሁ ናቸው። የሚጀምርበትንም ቀን ይመልከቱ። ከግዢው ዕለት የሚቆጠር ከሆነ፣ አምራቹ በነጻ ለሸፈነው ጊዜ እየከፈሉ ነው።

ያልተበላሸውን ለጥገና መላክ። ይህ ከሁሉም የከፋው ብክነት ይመስለኛል። በብርሃንና በጥላ ወሰን ላይ ጭጋግ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በውስጠኛው መስታወት ወይም በሌንሱ ላይ አቧራ ስላረፈ ነው፤ መድኃኒቱም ጽዳት እንጂ አዲስ ሴንሰር አይደለም። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የስካነሩ ሶፍትዌር አቧራ ማጥፊያ ምስሉን ካበላሸውማ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ዲጂታል አይስን የመሰለው ዘዴ አቧራን የሚለየው ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ያለው ብር ይህን ብርሃን ስለሚከለክል ሶፍትዌሩ ምስሉን ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ ይበቃል፤ ለዚህ የምርመራ ክፍያ መክፈል ያሳዝናል።

ምርቱ የቆመን ስካነር እንደ አዲስ ዕቃ መቁጠር። የፊልም ስካነሮችን ይሠራ የነበረው ኮኒካ ሚኖልታ ከካሜራና ከፎቶ ሥራ መውጣቱን ያስታወቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒኮንም ኩልስካን የተባሉትን የፊልም ስካነሮቹን ማምረት ካቆመ ቆይቷል። መለዋወጫ ከሌለ ዋስትናው ስካነሩን አያድነውም። ስለዚህ ሻጩ መጠገን ሲያቅተው ገንዘብ ይመልስ ወይም ሌላ ይተካ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ኩልስካን 9000 ከኮምፒውተር የሚገናኘው ፋየርዋየር በሚባል መሰኪያ ነው፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ደግሞ ይህ መሰኪያ የላቸውም። ይህን ብልሽት ብሎ የሚቀበል ዋስትና የለም። አሮጌ ሞዴሎችን የሚያሠራ ቪውስካንን የመሰለ ሶፍትዌር ግን አለ።

የጥገናውን ዋጋ ብቻ መጠየቅ። የምርመራው፣ የደርሶ መልሱ ማጓጓዣና የጥገናው ድምር ያገለገለ ተመሳሳይ ስካነር ከሚያወጣው ከተጠጋ ቆም ይበሉ። ኩልስካን 9000ን በመሰለው ላይ ግን ይህ ስሌት ይላላል፤ በዚያ ደረጃ አዲስ ምትክ ማግኘት ከባድ ነው።

ሳይቆልፉ መላክ። ብዙ ጠፍጣፋ ስካነሮች የሚንቀሳቀሰውን ክፍል የሚይዝ የማጓጓዣ ቁልፍ አላቸው። ያን ረስተው የላኩት ስካነር በመንገድ ላይ ሌላ ጉዳት ጨምሮ ሊደርስ ይችላል፤ ጉዳቱን ደግሞ ከባለቤቱ በቀር የሚከፍለው የለም።