ኳሱን ሳይሆን አሰልጣኙን እዩ

ሴት ልጆችን ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል የኳስ ጨዋታ) ለምታሰለጥኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሯጯ ኳሱን ለማየት ወደ ኋላ በዞረች ቁጥር ፍጥነቷ ይቀንሳል። ከቤዝ እስከ ቤዝ (ሯጯ በየተራ ከምትነካቸው ማረፊያዎች ከአንዱ እስከ ቀጣዩ) ያለው 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ እርምጃ እንኳ ብዙ ነው። ስለዚህ ኳሱ ከኋላዋ ከሆነ ዓይኗ ሦስተኛ ቤዝ ጋ የቆመው አሰልጣኝ ላይ ይሁን። ሁለተኛ ቤዝ ከመድረሷ በፊት ቀና ብላ ትፈልገው።

አሰልጣኙም ምልክቱን ቶሎ ያሳያት። ክንዱን ካሽከረከረ ቀጥዪ ነው፣ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ከዘረጋ ቁሚ፣ መዳፎቹን ወደ መሬት ከጫነ ተንሸራተቺ። ጩኸት ብቻውን አይበቃም፤ ሜዳው ላይ ሁሉም ይጮኻል። እኔ ብሆን አሰልጣኙ ከቤዙ ወደ ሆም (ነጥብ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ) አቅጣጫ ራቅ ብሎ እንዲቆም እመርጣለሁ። ሯጯ ቤዙን እየዞረችም ታየዋለች፣ እሱም ለመወሰን ጊዜ ያገኛል።

አደራ፣ ልጅቷን በእጅ ይዞ ማስቆም ወይም መግፋት ክልክል ነው፤ አውት ትባላለች፣ ማለትም ከሩጫው ትወጣለች።

አንደኛ ቤዝ ያለው አሰልጣኝ ሥራው ቀለል ይላል። ቤዙን አልፋ ትሩጥ ወይስ ወደ ሁለተኛ ትዙር፣ ይንገራት። ስንት አውት እንዳለም ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ያስታውሳት። ኳሱ ፊት ለፊቷ ሲሆን ግን ራሷ ትወስን።