ሲሚንቶ ግቢ ውስጥ ጎመን፦ ከተማሪዎች ጋር በማዳበሪያ እንዴት ይተከላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢያቸው ሲሚንቶ የሆነ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የኛም እንደዚያው ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ሥር፣ ስለ ግንድና ስለ ቅጠል እናስተምራለን። አንዳንዱ ልጅ ግን ጎመን የሚያውቀው ጉሊት ላይ ታስሮ ነው። ግቢያችሁ አፈር ባይኖረውም በማዳበሪያ መትከል ይቻላል።

ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው። ለልጆቹ ይህን አስቀድማችሁ አስረዱ። እኔ «ነገ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ» ብዬ፣ ሁለት ልጆች በፌስታል የላም ፍግ አምጥተውልኛል። (ጠቅሞናል፤ አልጣልነውም።)

ባለ 50 ኪሎው ይበቃል። ከመሙላታችሁ በፊት ቦታ ምረጡ፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከሞላ በኋላ ማንም አያነሳውም። ወቅቱ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ ትምህርትም መስመር ይዟል። ውርጭ ቢመጣ ጎመን ይችለዋል፣ ቲማቲም አይችለውም።

አፈሩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ይሁን። ዋልካ ከሆነ አሸዋ ጨምሩበት። አለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አሁን ዋናው ነገር። የመጀመሪያ ዓመት ማዳበሪያውን ዝም ብዬ በአፈር ሞላሁት። ጎኑን በስተን ተከልን፣ ልጆቹም በየእረፍቱ ከላይ ውሃ አፈሰሱ። በሦስተኛው ሳምንት ከላይ ያሉት ችግኞች በስብሰው፣ ከታች ያሉት ደርቀው አገኘናቸው። ግራ ገባኝ። አንዷ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በታችኛው ቀዳዳ ጣቷን ከተተችና «ቲቸር፣ እዚህ እኮ አቧራ ነው» አለችኝ። ውሃው ላይ ላዩን ጭቃ ሠርቶ ቀርቷል፤ ታች አልወረደም።

ስለዚህ መሃሉ ላይ የጠጠር ምሰሶ ያስፈልጋል። የትልቅ ዱቄት ወተት ጣሳ ክፈቱና ቂጡንም ቁረጡለት፤ ሁለቱም ጎን ክፍት ይሁን። ማዳበሪያው ወለል ላይ መሃል አቁሙት። ውስጡን በጠጠር፣ ዙሪያውን በአፈር ሙሉ። ከዚያ ጣሳውን እያወዛወዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጠጠሩ ቦታው ላይ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ግን አታውጡት፤ ጫፉ ጠጠሩን እንደያዘ ቀጣዩን ዙር ሙሉ። እንዲህ እያላችሁ እስከ አፉ ድረስ ትወጣላችሁ። ልጆቹ ጠጠር ማቀበል ይወዳሉ። ጣሳውን መሳብ ግን የናንተ ሥራ ነው፤ የተቆረጠ ቆርቆሮ እጅ ይቆርጣል። በጣሳ ፋንታ ቱቦ ይሻላል የሚሉ አሉ። ቱቦ ይገዛል፣ ጣሳ ነፃ ነው።

ውሃ አጠጥታችሁ ሁለት ቀን ተዉት፣ አፈሩ ይረጋል። ከዚያ ጎኑን በሁለት ጣት ስፋት፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በስታችሁ የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ትከሉ፤ አናቱ ላይ ሰላጣ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ አናታቸው ላይ ሆና የተተከሉ ችግኞች ወዲያው ይጠወልጋሉ።

ውሃው የሚፈሰው ጠጠሩ ላይ ነው። በቀን አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ በተራ፣ አንድ ልጅ ብቻ። ተረኛው መጀመሪያ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይክተት፤ እርጥብ ከሆነ ያልፈዋል። ይህን ሕግ ካላወጣችሁ 50 ልጅ 50 ሃይላንድ ያፈስበታል። ዓርብ ማታ ሁለት ሃይላንድ፣ ቅዳሜና እሁድን ያሻግረዋል።

ክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) መምጣቱ አይቀርም። መርዝ አትንኩ፤ ልጆች የሚበሉት ነው። ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ቅጠሉ ጀርባ ላይ ርጩ። ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ ግን መርጨቱን ተዉት፣ ክሽክሹን እሷ ትበላላችኋለች። እኛ ጋ ማስታወሻ ደብተር ላይ በየቀኑ ይቆጥሯታል። ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ የበለጠ ጸጥታ ያየሁት እዚያ ነው።

ጎመኑንም ቆስጣውንም ከሥሩ አትንቀሉ። የውጪውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ፣ መሃሉ ለወራት ይሰጣል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ አፈሩን ገልብጡና ከዝናብ ጠልሉት። ማዳበሪያውን ለሚቀጥለው ዓመት አታስቀምጡ፤ ፀሐይ በልቶታል፣ ስትነኩት እጃችሁ ላይ ይበጣጠሳል።