ከጎንደር ብንለቅ ኮከባችን ይቀየራል? የቦታ ኮከብ ቆጠራ እንዴት ይነበባል

ጎንደር ላይ ኮከብ ቆጠራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የራስንና የእናትን ስም ደምሮ፣ በ12 ገድፎ ኮከብ ማውጣትን ነው። እሱ የት እንደተወለዳችሁ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጂም ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ ያስፋፋው የቦታ ኮከብ ቆጠራ ግን የተወለዳችሁባትን ደቂቃ ይዞ የዓለም ካርታ ላይ መስመር ያሰምራል።

መጀመሪያ የልደት ሰዓት። ብዙው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እናታችሁ «ጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ሲመለስ» ብትላችሁ ለጨዋታ ደስ ይላል እንጂ ለዚህ አይበቃም፤ ሰማዩ በየ4 ደቂቃው 1 ዲግሪ ስለሚዞር የ2 ሰዓት ስህተት አንዳንዱን መስመር በጎንደር በኩል ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይገፋዋል። ሆስፒታል ከተወለዳችሁ ወረቀቱን ፈልጉ። ከዚያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩት። ጥር 11 ቀን 1985 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ጃንዋሪ 19 ቀን 1993፣ ጠዋት 9፡00 ነው። ሰዓቱን መቀየር የሚረሳ ሰው ብዛቱ!

ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚያሰሉ ገጾች አሉ። ለእያንዳንዱ ፕላኔት 4 መስመር ያወጣሉ፦ በዚያች ደቂቃ ፕላኔቱ የሚወጣበት፣ የሚጠልቅበት፣ አናት ላይ የሚደርስበትና ከምድር በታች የሚሆንበት ቦታ። የሚወጣበት ስለ ራሳችሁ፣ የሚጠልቅበት ስለ ትዳርና ሽርክና፣ የአናቱ ስለ ሥራና ስም፣ የታችኛው ስለ ቤትና ቤተሰብ ይነበባል። ቬነስ የሚጠልቅበት አገር ፍቅር ይቀናል ይላሉ። ሳተርን አናት ላይ ከሆነ ኃላፊነት ይበዛል። ጁፒተር ዕድል ያመጣል ስለሚባል ሁሉም ይፈልገዋል።

አዲስ አበባ ልግባ ወይ ለምትሉ፣ ሁለቱ ከተሞች በምሥራቅና ምዕራብ የሚለያዩት በ1 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። ቆጣሪዎቹ ደግሞ አንድ መስመር ግራና ቀኝ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይሠራል ስለሚሉ አብዛኛውን ጊዜ ንባቡ አንድ ነው። አዲስ አበባ የቀናው ሰው ገበያውን ያመስግን። ዋሽንግተን ግን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለምትርቅ ነገሩ ሌላ ነው፤ ስትወለዱ ጨረቃ ሐመል ኮከብ ላይ ከነበረች እዚያም ሐመል ላይ ናት፣ የምታርፍበት «ቤት» (ቆጣሪዎች ሰማዩን ከሚከፍሉባቸው 12 ክፍሎች አንዱ) ግን ይቀየራል።

ሳይንስ ይህን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ በካርታ ተማምናችሁ ቤት አትሽጡ። መሞከር ካማራችሁ ካለፈው ጀምሩ። የኖራችሁባቸውን ከተሞችና እዚያ የገጠማችሁን ካርታውን ሳትከፍቱ ጻፉ፣ ከዚያ አስተያዩ። ካያችሁት በኋላ ከጻፋችሁ ሁሉም የገጠመ ነው የሚመስላችሁ።