ከ«ወራጅ አለ» እስከ እድር ስብሰባ፦ በራስ መተማመን ደረጃ በደረጃ እንዴት ይገነባል?

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት የሚከብደው ሰው ጥቂት አይደለም። ሌላ ሰው እስኪወርድ ይጠብቅና አልፎ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። ድምፅ አጥቶ አይደለም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል ብሎ ፈርቶ ነው። በራስ መተማመንን መለማመድ የሚቻለው ግን እዚያችው ወንበር ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ድፍረት ሳገኝ እናገራለሁ» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ይነገራል፣ ድፍረቱ በኋላ ይመጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚመጣ ሲያስረዳ፣ ከሁሉ የሚበረታው ራስ ሠርቶ ማየት እንደሆነ ጽፏል። ሌላው ሲሠራ ማየት፣ የሰው ማበረታቻና የሰውነት ስሜት ከዚያ በታች ናቸው። ስለዚህ የማነቃቂያ ቪዲዮ ሲያዩ ማምሸት ደካማውን ምንጭ መቅዳት ነው። ያንን ሰዓት ለልምምዱ አውሉት።

1. ፍርሃቱን ለይታችሁ ጻፉ

«ዓይን አፋር ነኝ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ሰፊ ስለሆነ የሚለማመዱት ነገር አይገኝበትም። «ረዳቱን መልሴን ስጠይቅ ድምፄ ይቆረጣል» ግን ነገ ጠዋት የሚሠራ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ጨዋነትንና ይሉኝታን ለዩ። ለአዛውንት ወንበር መልቀቅ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አለማቋረጥ ጨዋነት ነው፤ አትንኩት። የራስን መልስ ሳይጠይቁ መውረድ ግን «ቆጣቢ ይሉኛል» የሚል ይሉኝታ ነው። ልምምዱ የሚመለከተው ይህንን ብቻ ነው።

2. መሰላሉን ሥሩ

ከ8 እስከ 10 ነገሮች ጻፉና ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ስጡ። ይህን መለኪያ ለሕክምና ያመጣው ደቡብ አፍሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ነው። 0 ፍጹም መረጋጋት፣ 100 ደግሞ የምታውቁት የመጨረሻ ጭንቀት ነው። መሐል ከተማ ለሚውል ሰው መሰላሉ ይህን ሊመስል ይችላል፦

- አራት ኪሎ ላይ የማያውቁትን ሰው መንገድ መጠየቅ፦ 20
- ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» ማለት፦ 35
- መልስ መጠየቅ፦ 40
- ጠቆር ያለ ማኪያቶ አዝዘው ነጣ ብሎ ሲመጣ ማስቀየር፦ 50
- ፒያሳ ካፌ ብቻን፣ ያለ ስልክ፣ 20 ደቂቃ መቀመጥ፦ 50
- መርካቶ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ሳይገዙ አመስግኖ መውጣት፦ 60
- ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) የመጽሐፍ ውይይት ላይ እጅ አውጥቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፦ 75
- እድር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሐሳብ መስጠት፦ 85

የእናንተ ነጥብ ሊለያይ ይችላል፤ ታክሲው ምንም ሳይመስለው ካፌው የሚያስጨንቀው ሰው አለ። ከ30 እስከ 40 ያለው ላይ ጀምሩ። ከ20 በታች ያለው ምንም አያስተምርም። በቀጥታ 85 ላይ መዝለል ደግሞ የተለመደው ስህተት ነው፤ ሰው አንድ ቀን ተነሳስቶ እድሩ ፊት ይቆምና ሐሳቡ ጠፍቶበት ይቀመጣል፣ ከዚያ ለዓመት ዝም ይላል።

3. ከመሥራታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ

አንድ መስመር ይበቃል፦ «ረዳቱ ይቆጣኛል፣ ሰው ይስቅብኛል»። ከሠራችሁ በኋላ ከጎኑ የሆነውን ጻፉ። ይህን የሚዘል ሰው ሃያ ጊዜ ተለማምዶም «ዕድለኛ ሆኜ ነው» ይላል፤ ግምቱ ስላልተመዘገበ መሳሳቱን የሚያይበት ነገር የለውም። በስልክ ከመጻፍ ትንሽ የኪስ ደብተር ይሻላል። ስልኩ ለምን እንደማይሆን ቀጥሎ ይመጣል።

4. ሥሩት፣ ግን ያለ ምርኩዝ

ብዙ ሰው ወራት ለፍቶ ለውጥ የማያየው እዚህ ጋ ነው።

ፍርሃት ሲመጣ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልባል። ይህን የሚያደርገው ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ነው፤ ሰውነት ግን በዚያ ከፍታ ላይ ብዙ አይቆይም። ካልሸሹት ከደቂቃዎች በኋላ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ጫፍ ላይ ሳለ ከወጣችሁ ግን እፎይታው ወዲያው ይመጣል፤ አእምሮም «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ቀን ያው ነገር ከ50 ወደ 65 ይወጣል። ስለዚህ ካፌ ውስጥ 20 ደቂቃ ካላችሁ 20 ደቂቃ ነው። በሰባተኛው ደቂቃ ሒሳብ አትጥሩ።

ሁለተኛው ሽሽት ስውር ነው፤ ሰውዬው ቦታው ላይ አለ፣ ግን ምርኩዝ ይዟል። ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጓደኛ አስከትሎ እሱን ማናገር፣ ሊናገሩ ያሰቡትን ቃል በቃል መሸምደድ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ «ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ…» እያሉ ጥያቄውን መቅበር ሁሉም ምርኩዝ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን መጠጥና ጫት ነው። በሁለት ቢራ የተገኘ ጨዋታ ለቢራው ይመዘገባል እንጂ ለእናንተ አይደለም።

ታክሲው ላይ እንየው። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ እየሄዳችሁ ነው፣ ሙዚቃው ከፍ ብሏል። ምርኩዙ አጠገባችሁ ላለው ሰው «ወራጅ በልልኝ» ማለት ነው፤ ወይም በሹክሹክታ አንዴ ብሎ ዝም ማለት። ትክክለኛው አሠራር ይኸው፦ መውረጃው ሊደርስ 100 ሜትር ያህል ሲቀር አየር አስገቡ፣ ቀና ብላችሁ ወደ ረዳቱ እዩ፣ «ወራጅ!» የሚለውን ጠንከር አድርጋችሁ «አለ»ን አስከትሉ። ትንፋሻችሁ ካለቀ በኋላ የሚወጣ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የማይሰማውም ለዚህ ነው። ካልሰማ ያንኑ ቃል አንድ እርከን ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ይቅርታም ማብራሪያም አያስፈልግም። ታክሲው ካለፈ ደግሞ ጥቂት በእግር ትመለሳላችሁ። ያንንም ጻፉት፤ የፈራችሁት የመጨረሻ ክፉ ነገር እሱ ነበር።

5. ድገሙት

አንድ ጊዜ የተሠራ አይቆጠርም። ነጥቡ በግማሽ እስኪወርድ፣ 40 የነበረው 20 እስኪሆን ድረስ ያንኑ ደረጃ ሥሩ። በሳምንት አራት አምስት ቀን ትንሽ ትንሽ መሥራት ቅዳሜ ቀን ሁሉንም ከመጨረስ በእጅጉ ይሻላል። ነጥቡ ሲወርድ ቦታውን ቀይሩ፤ አራት ኪሎ የለመደ አንደበት ለገሃር ሲሄድ መልሶ ሊታሰር ይችላል።

የምትቆጥሩትም ሙከራውን እንጂ ውጤቱን አይሁን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ ራሱ እንደሚተርከው፣ በ19 ዓመቱ ሴት ማናገር ይፈራ ስለነበር ኒውዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ 130 ሴቶች አጠገብ ተቀመጠ። 30ዎቹ ተነስተው ሄዱ፣ ከ100ዎቹ ጋር ተነጋገረ፣ አንዷ ቀጠረችው፤ እሷም አልመጣችም። ፍርሃቱ ግን ለቀቀው። ይህን ግን እንዳለ ወደ መንገዳችን አታምጡት። በለከፋ የተሰላቸችን ሴት መንገድ ላይ ማስቆም ልምምድ ሳይሆን ሌላውን ሰው ማስጨነቅ ነው። መሰላላችሁ ላይ የሚገባው ማንም የማይጎዳበት ነገር ብቻ ይሁን።

ደረጃው እምቢ ሲል

ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ ነጥቡ ካልወረደ መጀመሪያ ምርኩዝ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ከሌለ ደረጃው ረዝሟል ማለት ነውና መሐሉ ላይ ሌላ እርከን ጨምሩ። ከወመዘክር ጥያቄ ወደ እድር ንግግር መሻገር ከከበደ፣ መጀመሪያ እድሩ ላይ የሌላ ሰው ሐሳብ ስትደግፉ እጅ አውጥታችሁ «እኔም እስማማለሁ፤ ምክንያቱም…» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ሁለት ይሆናል።

ፍርሃቱ ከቤት መውጣት እስኪያቅት፣ ሥራና ትምህርት እስኪያስቀር ከደረሰ ግን ይህ መሰላል ብቻውን አይበቃም። አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የሥነ አእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል ሂዱ፤ እዚያ ይህንኑ ዘዴ ከባለሙያ ጋር መሥራት ይቻላል።

በሕመም፣ በጾም ድካም ወይም በሥራ ብዛት ሁለት ሳምንት ካቋረጣችሁ፣ ካቆማችሁበት አንድ እርከን ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። መልስ መጠየቅ ላይ ከነበራችሁ፣ ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።