ትንሽ አውሮፕላን ዓባይ በረሃ ስትወድቅ፦ ቀድመው የሚደርሱ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ትንሽ አውሮፕላን ዓባይ በረሃ ወይም ጮቄ ተራራ ላይ ብትወድቅ ቀድሞ የሚደርስላት እረኛና ገበሬ ነው። ብዙው የሚወሰነውም በዚያች የመጀመሪያ ሰዓት ነው።

ተንጋግቶ መቅረብ። ነዳጁ በአብዛኛው ያለው ክንፉ ውስጥ ነው፤ ክንፉ ከተቀደደ ቁልቁል ይፈሳል። ስለዚህ ከዳገቱ በኩል፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቅረቡ። ሲጋራ አይለኮስ። ፕሮፔለሩ ቆሞ ብታዩትም አትንኩት፤ የፒስተን ሞተር ማግኔቶ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚፈጥረው ክፍል) ያለ ባትሪም ብልጭታ ስለሚሰጥ በእጅ ገፋ ቢደረግ እንኳ ሊነሳና እጅ ሊቆርጥ ይችላል። በሚነድ ነዳጅ ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ያስፋፋዋል፤ ትንሽ እሳት ከሆነ አፈር አልብሱት።

ጎትቶ ማውጣት። ከሁሉ የከፋው ይኸ ነው። በደግነት የሚደረግ መሆኑ ደግሞ ያንገበግባል። የተጎዳው ሰው አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ በብብቱ ይዛችሁ ስትጎትቱት ስብራቱ ሕብለ ሰረሰሩን ጎድቶ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። እሳት ካላሰጋ ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ ይያዝ። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ነጠላ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ለማየት እያላችሁ አትግለጡት። ማንሳት ግድ ከሆነ ከአራት ያላነሳችሁ ሆናችሁ፣ ጭንቅላቱን በያዘው ሰው ትእዛዝ እኩል አንሱ። ቃሬዛው ጋቢ ብቻ ከሆነ መሃሉ ይረግባል፤ ሳንቃ አንጥፉበት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም አረቄም አትስጡት። ጮቄ ላይ ከሆነ ከላይም ከሥርም አልብሱት፤ ደም የፈሰሰውን ሰው ብርድ ቶሎ ይጥለዋል።

ብርቱካናማውን ሳጥን መንቀል። ጅራቱ አካባቢ የምትገኘው ትንሽ ሳጥን የአደጋ ጊዜ ራዲዮ ናት፤ በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ትጣራለች። ባትሪዋ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ ነው። ቤት ከወሰዳችኋት ፈላጊዎቹ እሷን ተከትለው ቤታችሁ ይመጣሉ፤ ቁስለኛው በረሃ ይቀራል። ገደሉ ሰማዩን ከጋረደ ግን ምልክቷ ሊዘገይ ስለሚችል በእሷ ብቻ አትተማመኑ።

«ገደሉ ሥር» ብሎ መደወል። ኔትወርክ ከሌለ ሁለት እግረ ፈጣን ሰዎች ወደ ደጋው ይውጡ። ጂፒኤስ (የስልኩ ቦታ ጠቋሚ) ያለ ኔትወርክም ስለሚሠራ ከመነሳታቸው በፊት የቦታውን ቁጥር ከስልክ ላይ ይጻፉት። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውለው የቦታውን ቁጥር፣ ቀበሌውን፣ ቅርቡን ደብር፣ የቁስለኞቹን ብዛትና ሄሊኮፕተር የሚያርፍበትን ሜዳ ይንገሩ።

መራመድ የሚችሉ ተሳፋሪዎችም ብቻቸውን ወደ ወንዙ አይውረዱ፤ ከሰማይ ለሚፈልጋቸው ከሰው ይልቅ የአውሮፕላኑ ክንፍ ጎልቶ ይታያል።