ላዩ ደርቆ ውስጡ የሻገተው ማንጎ

በሐምሌ ዝናብ ግንፍሌ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ምንም ነገር አይደርቅም፤ የተሰጣ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ይፈጃል። የምግብ ማድረቂያ ማሽን የገዛሁት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ማንጎ ሲነኩት እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር፤ በሳምንቱ ጠርሙሱን ስከፍተው ግን ሻጋታ አብቅሏል። እናቴ «ፀሐይ ያላየው ነገር» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ከንግግሯ ይብስ ነበር።

ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ ችኮላ ነው። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ሙቀቱን 70 ዲግሪ አድርጌው ነበር። ሙቀት ሲበዛ ላዩ ፈጥኖ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፤ የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣል። አሁን 57 ዲግሪ ላይ አደርገዋለሁ፤ ማንጎውንም 6 ሚሊ ሜትር ያህል አድርጌ እኩል እቆርጠዋለሁ። ማራገቢያው ከሥር ስለሆነ የታችኛው ትሪ ቀድሞ ይደርቃል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ አቀያይራቸዋለሁ። እንደገና ብገዛ ማራገቢያው ከኋላ ያለውን እመርጣለሁ።

ትኩሱ ስለሚያታልል መድረሱን የማየው ካቀዘቀዝኩት በኋላ ነው፦ ቁራጩ ሲታጠፍ እርስ በርሱ መጣበቅ የለበትም። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ላላ አድርጌ እጨምርና ለሳምንት በየቀኑ እነቀንቀዋለሁ፤ መስታወቱ ካላበው ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይገባል። ለቋንጣ ግን ይህ ሙቀት አይበቃም፤ ሥጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ መሞቅ አለበት።

የአሁኑ ጠርሙስ አላላበውም። እናቴ ሦስት ቁራጭ ወሰደች፤ አስተያየት አልሰጠችም።