ነሐስ ለማፍሰስ የቸኮሉ ልጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

“ጋሼ፣ ነሐሱን መቼ ነው የምናፈስሰው?”

አዘዞ ወዳለው የሐውልት ሥራ ቦታዬ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይሄን ይጠይቀኛል። ጭቃው ገና አፍንጫ አላወጣም እኮ! እሳት ማየት ደስ እንደሚል አውቃለሁ። እኔም በዚያው ነው የገባሁበት። ግን ዘንድሮ ያንኑ አንድ ስህተት ሦስት ጊዜ ስላየሁ ልጻፈው ብያለሁ።

ለአዲሶች፦ ሐውልቱ መጀመሪያ በጭቃ ይቀረጻል፣ ከዚያ ውስጡ ክፍት ሆኖ በሰም ይወጣል፣ ሰሙ ከውስጥም ከውጪም በጀሶ ይሞላል፤ ይሄ ነው ፎርማው። ፎርማው ሲነድ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ነሐስ ይፈስሳል።

ከቀላሉ ልጀምር። ቁራሌው ያመጣው ቢጫ ነገር ሁሉ ለሐውልት አይሆንም። ሰው ሁሉንም ነሐስ ይለዋል እንጂ የቧንቧ ራስ፣ የበር እጀታና የጥይት ቀለህ አብዛኛው መዳብና ዚንክ ነው። እኛ የምንፈልገው መዳብና ቆርቆሮ (ቲን) ነው፤ ከ10 ኪሎ 9ኙ ገደማ መዳብ። (የጣራ ቆርቆሮ ቆርጦ ያመጣልኝ ልጅ አለ። የጣራው ብረት ነው፣ የኔ ልጅ።) ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ የምናቀልጠው ከዚያ በላይ ነው። ነጭ ጭስ ካያችሁ ውጡ። እኔ አልወጣሁም። ማታ አንቀጠቀጠኝ፣ ወባ ነው ብዬ ተመርምሬ ምንም ሳይገኝ ተመለስኩ።

ሰሙን ሳትመዝኑ አታቅልጡ። 1 ኪሎ ሰም 10 ኪሎ ገደማ ነሐስ ይፈልጋል። ነሐሱ የሚገባባቸውን የመፍሰሻ ቦዮችም አብራችሁ መዝኑ፤ እነሱም ሰም ናቸው። እኔ እነሱን ረስቼ ትከሻ የሌለው አርበኛ ወጥቶልኛል። ጋፋት ላይ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በፈሰሰበት አገር እኔ በ40 ኪሎ ተዋረድኩ።

የውስጡን ጀሶ (ልቡን) ከውጪው ጋር የሚይዙትን ሚስማሮች አትርሱ፤ ሰሙ ሲወጣ ልቡ ይወድቃል።

አሁን ወደ ደም ብዛቴ። እርጥብ ፎርማ!

የቅኔ አገር ልጆች ናችሁ፤ ሰምና ወርቅ የሚባለው ከአንጥረኛ ቤት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ግን ሰሙ ወጣ ማለት ወርቁ ይግባ ማለት አይደለም። ጀሶውን ከላይ ዳብሰው “ደርቋል” ይሉኛል። ምኑ ነው የደረቀው? ጀሶ ውሃውን በውስጡ ይዞ ነው የሚጠነክረው። በእሳት ካላስወጣችሁት አይወጣም። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ያብጣል። 1,100 ዲግሪ የሞቀ ነሐስ ስታፈስሱበት መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ያፈሰሳችሁበት አፍ ነው። ከአፉ በላይ ያለው ደግሞ ፊታችሁ ነው።

አንድ ደንበኛ ለጥምቀት ይድረስልኝ ብሎ አጣደፈኝ። ሁለት ቀን ማንደድ የነበረብኝን ፎርማ ማገዶ ልቆጥብ ብዬ ባንድ ቀን አወጣሁት። ነሐሱ እንደ ፈንዲሻ ተረጨ። ሽርጤ ተበሳ፣ አንጓዬ ላይ እስካሁን ጠባሳ አለ። ግድግዳው ላይ የተጣበቀች አንዲት ጠብታም አለች፤ የምስር ክክ ታክላለች። አላነሳኋትም። የሚቸኩል ልጅ ሲመጣ እሷን በጣቱ አስነካዋለሁ።

ፎርማው ገና ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ መስታወት ከአፉ ላይ ያዙ። ጤዛ ከያዘ መልሱት። የአፉ ውስጥ ጥቁር ከሆነ ሰሙ ተቃጥሎ አላለቀም፣ መልሱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ውጪ ያደረ ፎርማ ጎንደርን ሙሉ ጠጥቶ ነው የሚያድረው። እንደገና አሙቁት። ደንበኛው ይቆጣ።

ስለ ደንበኛ ካነሳን፣ ሥራው ጭቃ ላይ እያለ በአካል አስመጧቸው፤ “አሳዩን” እስኪሏችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ዙሪያውን አሳዩአቸውና አስፈርሙ። እኔ አንድ የቴዎድሮስ ጡት ድረስ ምስል ሠርቼ ለኮሚቴው በስልክ ፎቶ ላክሁ። “ጥሩ ነው” አሉ። ነሐሱ ቆሞ ሲያዩት “ሹሩባው ከኋላ ልክ አይደለም” አሉ። ጭቃ ላይ ቢሆን በአውራ ጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በግራይንደርና በብየዳ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ተጨማሪ ክፍያ? ውሉ ላይ አልነበረም።

ፋይበር ግላስ ላይ ቀለም ቀብቶ በነሐስ ዋጋ መሸጥን ስህተት አልለውም፤ ስሙ ሌላ ነው። ፋይበር መሥራት ነውር የለውም። የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ እሱ ነው። ብቻ ፋይበር ነው በሉ። የተታለለ ሰው አንድ ቀን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል።